ከወለድሽ ስንት ገበያ ሆነ?

በደቡብ ኦሞ ሳምንት በቦታ ይታወቃል። ሰኞ ቱርሚ ነው፤ ማክሰኞ አልዱባ፤ ሐሙስ ቀይ አፈር፤ ቅዳሜ ዲመካና ጂንካ። የበናው፣ የሐመሩ፣ የፀማዩ፣ የአሪው ሰው ፍየሉን እየነዳ፣ ማሩንና ማሽላውን ተሸክሞ የሚወጣበት ቀን የታወቀ ነው። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ያልተሰቀለበት ቤት እንኳ ለሚቀጥለው ገበያ ስንት ቀን እንደቀረ ያውቃል።

ይህ ዕውቀት በጣም የሚያስፈልግበት ቦታ ጤና ኬላ ነው። እናት ሕፃኗን አዝላ ትመጣለች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ካርድ ታወጣለች፤ ካርዱ የልደት ቀን ይጠይቃል። ልጁ ቤት ተወልዶ ከሆነ ቀኑን የጻፈ ሰው ላይኖር ይችላል። "በስንት ቀን ወለድሽ?" የሚለው ጥያቄ "እንጃ" የሚል መልስ ቢያመጣ አያስገርምም። "እህቴ፣ ከወለድሽ ስንት ገበያ ሆነ?" ቢባል ግን ቁጥር ይገኛል። ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ቀኑን ማግኘት ይቻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚያሳስቱት ነገሮች ግን መታወቅ አለባቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዕለቱ ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንበል፤ ቦታው ቀይ አፈር። እናትየዋ "ከገበያው ሁለት ቀን በፊት ወለድኩ፤ ከዚያ ወዲህ የዛሬው ሰባተኛ ገበያ ነው" ትላለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ሰባትን በሰባት ያባዛና 49 ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል። ስህተት ነው። ሰባት ገበያ ማለት በመካከላቸው ስድስት ሳምንት ያለ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ገበያ ራሱ አንድ ተብሎ ተቆጥሯልና። ስለዚህ የምንሄደው 42 ቀን ነው። ከኅዳር 11 አንድ ወር ስንመለስ ጥቅምት 11፤ የቀሩትን 12 ቀናት ስንቀንስ መስከረም 29። ያ የመጀመሪያው ገበያ ነው፤ እሱም ሐሙስ ነው። ልደቱ ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ ማክሰኞ፣ መስከረም 27 ይውላል። ማረጋገጫም አለ፦ መስቀል ከዋለ በዐሥረኛው ቀን መሆን አለበት። እናትየዋ "አዎ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፣ ግን ወዲያው አይደለም" ካለች ስሌቱ ከትዝታዋ ጋር ገጠመ። በ49 ቀን ሄደን ቢሆን ኖሮ መስከረም 20 ላይ እንደርስ ነበር፤ ከመስቀል በሦስተኛው ቀን።

ይህ የመነሻውን ቀን ቆጥሮ የመጀመር ልማድ የገበያ ብቻ አይደለም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሳ የልደቱ ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ልማዱ ትክክል ነው፤ ራሱን የቻለ የአቆጣጠር ሥርዓት ነው። ችግር የሚመጣው አንዱ ሰው መነሻውን ቆጥሮ የነገረውን ሌላው ሳይቆጥር ሲያሰላው ነው። ልዩነቱ በቀን ሲቆጠር አንድ ቀን፣ በገበያ ሲቆጠር አንድ ሙሉ ሳምንት ይሆናል።

ሌላም አለ። አንድ የበና ቤተሰብ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ሊወጣ ይችላል። "አራት ገበያ ሆነው" ሲባል የሁለቱም ድምር ከሆነ ያለፈው ሁለት ሳምንት ገደማ እንጂ አራት አይደለም። ስለዚህ "የትኛው ገበያ?" የሚለው ጥያቄ መቅረት የለበትም። በዝናብ፣ በግጭት ወይም በበሽታ ምክንያት ገበያው ሳይቆም ያለፈበት ሳምንት ካለም መጠየቅ አለበት፤ ሰው ያልወጣበትን ገበያ ሊዘለው ይችላል። ሌሊት የተወለደ ልጅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዷ "ሐሙስ ሌሊት" ትላለች፤ ሌላዋ ያንኑ ሰዓት "ለዓርብ አጥቢያ" ትለዋለች፤ ስልኩ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይቀይራል፤ የእኛ ሰዓት ደግሞ ቀኑን ከንጋት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት የአንድ ቀን መዛነፍ ሁልጊዜም ይጠበቃል።

ወደ ኋላ ለመቁጠር የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው እጅግ ይመቻል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ሀብት ነው የማየው። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው። 30 ማለት አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ ዛሬ ሐሙስ ከሆነ የዛሬ ወር በዚሁ ቁጥር የዋለው ቀን ማክሰኞ ነበር፤ የዛሬ ሁለት ወር እሑድ፤ የዛሬ ሦስት ወር ዓርብ። ወር በወር ሁለት ዕለት መመለስ ብቻ ነው። ከዚህም የሚበልጥ ውበት አለው፦ 30 ሳምንት ልክ 7 ወር ነው፣ አንድ ቀን ሳይጎድል ሳይተርፍ፤ 15 ሳምንት ደግሞ ሦስት ወር ተኩል። 31፣ 30፣ 28፣ አንዳንዴም 29 ቀን ባላቸው ወሮች ይህን ለማግኘት የትኛው ወር እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል።

የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብርም በሳምንት የታሰበ ነው። እንደተወለደ ቢሲጂና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ፔንታቫለንትን ጨምሮ ሌሎቹ ይከተላሉ፤ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት 9 ወር ሲሞላው ነው። በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሳምንት አንድ ወር ከ12 ቀን ነው፤ ዐሥር ሳምንት ሁለት ወር ከ10 ቀን፤ ዐሥራ አራት ሳምንት ሦስት ወር ከ8 ቀን። ወሩ የትኛውም ቢሆን እነዚህ ቁጥሮች አይለወጡም። ፔንታቫለንት ከስድስት ሳምንት በፊት አይጀመርም፤ በሁለት መጠኖች መካከልም ቢያንስ አራት ሳምንት ሊኖር ይገባል። የልደቱ ቀን በሰባት ቀን ከተዛባ አንድ ሕፃን ያለጊዜው ሊከተብ ወይም ጊዜው ደርሶ ሳለ "በሚቀጥለው ነይ" ሊባል ይችላል። ከሩቅ መንደር በእግሯ ለመጣች እናት "በሚቀጥለው ነይ" ቀላል ቃል አይደለም።

አንድ እንቅፋት አለ፤ ጳጉሜን። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ፣ በሉቃስ ዓመት፣ ስድስት ቀን የሆነችው ወር መንገድ ላይ ስትገባ ስሌቱን ታንሸራትተዋለች። ከጥቅምት 5 ቀን 2018 ዐሥር ሳምንት ወደ ኋላ ልሂድ ብል፣ ሁለት ወር ስመለስ ነሐሴ 5፣ ዐሥር ቀን ስመለስ ሐምሌ 25 ይመጣል። ግን የጳጉሜን አምስት ቀናትም ከ70ው ውስጥ ነበሩ፤ እነሱን ሳልቆጥር ዘልያለሁ። ስለዚህ በአምስት ቀን አልፌ ሄጃለሁ፤ ትክክለኛው ሐምሌ 30 ቀን 2017 ነው። ዕለቱን ስናይ ይረጋገጣል፦ ጥቅምት 5 ረቡዕ ነው፣ ሐምሌ 30ም ረቡዕ ነው። ሐምሌ 25 ግን ዓርብ ነው፤ በሙሉ ሳምንታት ተመልሶ ከረቡዕ ዓርብ ላይ መውደቅ አይቻልም። ደንቡ እንግዲህ ይህ ነው፦ ወደ ኋላ ስትሄድ ጳጉሜን ካቋረጥህ ባገኘኸው ቀን ላይ አምስት ጨምር፤ የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን ከሆነች ስድስት።

በነፍሰ ጡር ሴት ዘንድም ስሌቱ ይኸው ነው። ሐኪም "28 ሳምንት ከ3 ቀን" ሲል የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ፅንሱ ከተፈጠረበት ቀን አይደለም፤ ያኛው በአማካይ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ግንቦት 20 ቀን 2017 እንዲህ የተባለች ሴት ብትኖር፣ 28 ሳምንት ከ3 ቀን 199 ቀን ነው፤ ስድስት ወር ከ19 ቀን። ከግንቦት 20 ስድስት ወር ስንመለስ ኅዳር 20፤ 19 ቀን ስንመለስ ኅዳር 1። የመውለጃዋ ግምት 40 ሳምንት ነው፤ 280 ቀን፤ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን። ከኅዳር 1 ስንቆጥር ነሐሴ 11 ይሆናል። እናቶቻችን ከድሮ ጀምሮ "ዘጠኝ ወር" የሚሉት ከሕክምናው ቁጥር በዐሥር ቀን ብቻ ነው የሚለየው። ጳጉሜን መሐል ከገባች ዐሥሩ ቀን አምስት ይሆናል፣ በሉቃስ ዓመት አራት። ጀርመናዊው የማህፀን ሐኪም ፍራንዝ ኔግለ፣ ከ1778 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. የኖረው፣ በስሙ የሚጠራው ደንብ "ሦስት ወር ቀንስ፣ ሰባት ቀን ጨምር" ይላል፤ ያ ለአውሮፓው አቆጣጠር የተሠራ ነው፣ በእኛ ወሮች ላይ እንዳለ መጫን አይገባም። ማወቅ ያለብን ሌላው ነገር፣ ልክ በተቆረጠላቸው ቀን የሚወለዱት ከሃያ አንድ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ነው። ቀኑ የግምቱ መሐል ነው።

ለምንድን ነው ሳምንት እንዲህ የሚታመነው? ምክንያቱም ተቋርጦ አያውቅም። በ1582 እ.ኤ.አ. ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲጀመር ዐሥር ቀናት ከቁጥሩ ወጡ፤ ኦክቶበር 4 ባለፈ በማግስቱ ኦክቶበር 15 ተባለ። የቀኑ ቁጥር ዘለለ። ዕለቱ ግን አልዘለለም፦ ኦክቶበር 4 ሐሙስ ነበር፣ ኦክቶበር 15 ዓርብ ሆነ። የእኛና የአውሮፓው አቆጣጠር በዓመት ቁጥር በሰባት ወይም በስምንት ይለያያሉ፣ በወርና በቀን አይገናኙም፤ በዕለት ግን አንድ ናቸው። ቀይ አፈር ሐሙስ ሲሆን ሮምም ሐሙስ ነው። በአንዱ አቆጣጠር ከተሞላ ስልክ ወደ ሌላው ካርድ ቀን ስናዛውር ስህተት መፈጸማችንን የሚነግረን ዕለቱ ነው።

የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብም የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። አንድ መስከረም 1 በምን ዕለት እንደዋለ ለማግኘት ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፤ የድምሩ ሩብ፣ ትርፉ ተትቶ፣ እንደገና ይደመራል፤ የተገኘው በሰባት ይካፈላል። ቀሪው አንድ ከሆነ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ እያለ ይሄዳል፤ ቀሪ ከሌለ ሰኞ ነው። በ1998 ዓ.ም. እንሞክረው። 7498 ይሆናል፤ ሩቡ 1874፤ ድምሩ 9372፤ በሰባት ሲካፈል ስድስት ይቀራል፤ እሑድ። መስከረም 1 ቀን 1998 እሑድ ነበር።

ይህን ዓመት የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እሑድ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1998 የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ላይ ፈሰሰ፤ ከ360 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘገበ፤ ከብቱም መኖሪያውም ተወሰደ። ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ የመጣው ለሐምሌ 30 አጥቢያ ነበር፤ ድፍን አንድ ሳምንት ቀድሞ። ነሐሴ 7 ከመስከረም 1 በ336 ቀን ይርቃል፤ 336 ልክ 48 ሳምንት ነው። ስለዚህ በየትኛውም ዓመት ነሐሴ 7 እና የዚያው ዓመት መስከረም 1 በአንድ ዕለት ይውላሉ። ማንም ሰው ያንን ቀን በስሌት ደርሶበት እሑድ መሆኑን ማረጋገጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ቀን ለታችኛው ኦሞ ሰው የዕድሜ ምሰሶ ነው፤ "ከጎርፉ በፊት ነው የተወለድኩት" ወይም "ጎርፉ ሲመጣ ገና ጡት ላይ ነበርኩ" ማለት ከማንኛውም ግምት የተሻለ መረጃ ነው። የሕዝብና የጤና ጥናት የሚሠሩ ሰዎች የአካባቢ ክስተቶች መዝገብ አዘጋጅተው ዕድሜ የሚጠይቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰማይም ምሰሶ ይሰጣል። እሑድ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ወደ ማምሻው የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜናዊ ቱርካና አካባቢ አልፎ ወደ ሶማሊያ ሄደ፤ በደቡብ ኦሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብርሃኗ ቀነሰ። የግርዶሽ ቀን በሥነ ፈለክ ስሌት እስከ ደቂቃ ይታወቃል፤ ስለዚህ "ያን ለታ" ብሎ የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ ከዚያ ወዲህ ወይም ወዲያ ያለውን በሳምንት መለካት ብቻ ነው የሚቀረው። በዐቢይ ጾም ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ሳምንት የራሱ ስም አለው፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለዋለ፣ "ደብረ ዘይት እሑድ ነው የወለድኩት" ያለች የጂንካ እናት ከፋሲካ አራት ሳምንት ቀድማ፣ መጋቢት 14 ቀን ወልዳለች።

የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች ከገበያም ከዕለት ስምም ውጭ የሚቆጥሩባቸው መንገዶች አሏቸው። ሐመር ዘንድ ከብት ሊዘል የተዘጋጀ ወጣት ዘመድ ወዳጁን ሲጠራ ቋጠሮ ያለው ልጥ ይሰጣል። ተጠሪው በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ያነሳል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ የዝላዩ ቀን ደርሷል። የዛሬው ቀን ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚል ክርክር የለም፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ልጥ ይዟል። ብዙ ሰው ከተለያየ መንደር በአንድ ቀን ለማገናኘት ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ ነገር ያለ አይመስለኝም፣ ስልክን ጨምሮ። ወደ ኋላ ለመቁጠርም ይሠራል፤ በየሳምንቱ ገበያ ቀን አንድ ቋጠሮ የጨመረች እናት ጤና ኬላ ስትደርስ የልጇን ዕድሜ በእጇ ይዛ ነው የምትመጣው።

ሙርሲዎች ደግሞ ጨረቃንና ኦሞን ይጠቀማሉ። የሥነ ሰብ ተመራማሪው ዴቪድ ተርተንና የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ክላይቭ ራግልስ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ ጥልቅ ነገር አሳዩ። ሙርሲዎች የጨረቃ ወሮችን በቁጥር ይጠራሉ፤ ነገር ግን በማንኛውም ጊዜ "አሁን ስንተኛው ወር ላይ ነን?" ቢባል የሚለያዩ ሰዎች አይጠፉም። አለመስማማቱ የሥርዓቱ አካል ነው። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ገደማ ነውና ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል፤ ልዩነቱን የሚያርም የተጻፈ ደንብ የላቸውም። የሚያርመው ተፈጥሮ ነው። የኦሞ ሙላት ሲደርስ፣ በደቡብ ሰማይ ያሉ የተወሰኑ ከዋክብት በምሽት መታየት ሲያቆሙ፣ የትኛው ወገን ትክክል እንደነበረ ወደ ኋላ ተመልሶ ይታወቃል። የአሁኑን ቀን የሚወስኑት ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ያለፈውን የምንወስነው ከአሁኑ ተነስተን ነው።

ይህ ሥርዓት አንድ ትልቅ መሠረቱ ተነክቷል። ጊቤ ሦስት ግድብ ታኅሣሥ 2009 ከተመረቀ ወዲህ፣ ውኃውም ከዚያ በፊት መያዝ ከጀመረ ወዲህ፣ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት እንደ ድሮው አይደለም። ስለ ግድቡ ሲነሳ ስለ እርሻውና ስለ ግጦሹ ብዙ ተብሏል፤ የወንዙ መሙላት የአንድ ሕዝብ የቀን መቁጠሪያ ማረሚያ እንደነበረም መነገር ነበረበት።

ግምትን እንደ ግምት ለመጻፍም ምሳሌ አለን። ከዚሁ ከታችኛው ኦሞ፣ ከቂቢሽ የተገኘው የጥንት ሰው ቅሪት በ1967 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ዕድሜው ቀደም ሲል 195 ሺህ ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ከላዩ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ መርምሮ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት አለው፣ ሲደመር ሲቀነስ 22 ሺህ አለ። ተመራማሪዎቹ ቁጥሩን ብቻ አልጻፉም፤ በምን እንደለኩትና ስፋቱ ስንት እንደሆነም ጻፉ። የልጅ ካርድ ላይ ግን የምናየው "መስከረም 1" ወይም "ጥር 1" ነው፤ በግምት መገኘቱን የሚናገር ምልክት የለውም። አንድ ወንድ ልጅ በመጀመሪያው ወር በአማካይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሠንጠረዥም እስከ 13ኛው ሳምንት በሳምንት የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜው ሳይታወቅ በሁለት ሳምንት የተሳሳተ ሕፃን በሠንጠረዡ ላይ ቀጭጮ ወይም ከእኩዮቹ በልጦ ሊታይ ይችላል፣ ልጁ ደኅና ሆኖ ሳለ።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከቀኑ ጎን ዕለቱ ይጻፍ። ዕለት ስህተትን ያጋልጣል፤ ቀኑ ከአንድ እስከ ስድስት ቀን ቢዛነፍ ከዕለቱ ጋር አይገጥምም። ሰባት ቀን ቢዛነፍ ግን ይገጥማል፤ ዕለቱ ብቻውን ይህን አይለይም። ስለዚህ ሁለተኛ ምሰሶ፣ በዓልም ይሁን ጎርፍ፣ አጠገቡ ይግባ። ሦስተኛው ደግሞ እንዴት እንደተገኘ፦ "በተቋም የተወለደ" ወይም "በገበያ ቁጥር፣ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቢለይ"። ይህን ሁሉ ለመጻፍ ከካርዱ ጠርዝ ሁለት ጣት የማይሞላ ቦታ ይበቃል።